የከለከላችኋት የራሷን ብድር ነው

ረዥም ነው፣ ታገሱኝ። ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ፈተና በመጣ ቁጥር አንድ ፎቶ ይመጣል። ሌሊት ወልዳ ጠዋት ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጠች ልጅ። የሆስፒታል አልጋ፣ ጉልበቷ ላይ የፈተና ወረቀት፣ ከጎኗ በነጠላ የተጠቀለለ ጨቅላ። ከሥሩ «ጀግና!» ይጻፋል፣ ልብ ይለጠፋል፣ ሁለት ቀን ይዞርና ይረሳል።

እኔ የምጠይቀው ከፎቶው በኋላ ስላለው ነው። ልጅቷ አለፈች እንበል። (በዚህ ዘመን ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።) አለፈች፣ ተመደበች፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ ልጇን አዝላ ግቢ በር ላይ ደረሰች። ከዚያስ? ጥበቃው ልጁን አያስገባም። ዶርም ሕፃን አይገባም። ካፌ ሕፃን አይገባም። ሬጂስትራር በሚያስሞላት ቅጽ ላይ ልጅ አለሽ ወይ የሚል መስመር እንኳ የለም። ያጨበጨብንላት ጀግና ያላት ምርጫ ሁለት ነው። ልጁን ለእናቷ ትታ መግባት፣ ወይም አዝላው መመለስ። እናት ከሌለቻትማ ምርጫውም አንድ ነው።

ያስተማርኳችሁ እዚህ ብዙ አላችሁ። ስለ ማን እንደማወራ የምትገምቱ ትኖራላችሁ፤ ስም እንዳትጽፉ፣ አደራ። ከግቢ ውጭ አንዲት ጭቃ ቤት ተከራይተው፣ ልጃቸውን ለአከራያቸው እየተዉ የሚማሩ ልጆች ነበሩኝ። የስምንት ሰዓት ክፍል ላይ ጡታቸው ሞልቶ ሸሚዛቸውን ያረጥበዋል። ደብተር ደረታቸው ላይ አቅፈው ይቀመጣሉ። ወንዶቹ አይገባቸውም። ሴቶቹ ይገባቸዋል፣ ሹራብ ያቀብሏቸዋል። እኔ ሰሌዳው ላይ ዞሬ እጽፋለሁ። አንዷ በጣም ጎበዝ ነበረች፤ ከክፍሉ ሦስተኛ ወይም አራተኛ። ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኞቿ ከካፌ ዳቦና ወጥ በፌስታል አድርገው በአጥር በኩል ያቀብሏት ነበር። ያንን የሚያይ ፕሮክተር ይቀማል፤ ምግብ ከካፌ ማውጣት ክልክል ነው። ደግ የሆነው ፕሮክተር ደግሞ ፊቱን ያዞራል። አስቡት፣ የአንዲት እናት ምሳ ፕሮክተሩ በዚያ ቀን በየት በኩል እንዳየ ይወሰን ነበር።

ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ ያው ነው። «ድሃ ሀገር ነን፤ በጀት የለም።» እሺ፣ ሂሳቡን እንሥራው።

ብዙ ሰው መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ላይ ተማሪን በነፃ የሚያበላ ይመስለዋል። አያበላም። ከ1996 ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ፤ ኮስት ሼሪንግ የምንለው። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይሸፍናል። ሙሉ በሙሉ የሚለውን ልብ በሉልኝ። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ በወር ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። እስኪከፍል ድረስ ኦሪጅናል ዲግሪውን ፍለጋ ስንት ደጅ እንደሚጠና የተመረቃችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቴምፖ ይዛችሁ ዓመታት የዞራችሁ አላችሁ።

ስለዚህ ያ ትሪ ላይ ያለው ሽሮ ችሮታ አይደለም። ብድር ነው። በዱቤ የተበላ ነው። ለዓመታት በቀን 15 ብር ነበር፣ 22 ሆነ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ተደረገ። መቶ ብር በሠላሳ ቀን 3000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚታሰብ ሂሳብ ነው። ተማሪዋ ስትወልድ ግን ምን ይሆናል? አልጋዋን ትለቃለች፣ ትሪዋን ትለቃለች፣ 3000 ብሩ እዚያው ግቢ ይቀራል። እርሷ ውጭ ሆና አጥሚት የምታፈላበት ታጣለች። እንግዲህ እዚህ ውስጥ «በጀት የለም» የሚባለው የቱ ጋ ነው? በጀቱ አለ። ለእርሷ ተብሎ ታስቦ ነበር። የተወሰደባት በወለደች ማግስት ነው፣ ከምንጊዜውም በላይ ምግብ በምትፈልግበት ሰዓት።

ደግሞ ምን መሰላችሁ፤ መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። ያንን በየዓመቱ የምንፈርመውን የወጪ መጋራት ውል አውጥታችሁ እዩት። የምትፈልጊው አገልግሎት ምንድን ነው ይላል። ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ወይስ ሁለቱንም። ቀጥሎ በዓይነት ነው ወይስ በጥሬ ገንዘብ ይላል። ሳጥኑ ቅጹ ላይ ታትሟል! በብዙ ግቢዎች «ነን ካፌ» የሚባሉ ተማሪዎች አሉ፤ የምግባቸውን ሂሳብ በእጃቸው ተቀብለው ውጭ ይበላሉ። የካፌው ወጥ ስላልተስማማው ነን ካፌ የሆነ ልጅ አውቃለሁ፤ ማንም ምን ሆነህ ነው ብሎ አልጠየቀውም። ጨጓራ ላለበት የሚሠራ አሠራር አራስ ለሆነችው የማይሠራበትን ምክንያት የሚያስረዳኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። የመኝታውም ሂሳብ እንደዚያው በእጅ ይሰጣት። 3000 ብርና የመኝታው ተጨምሮ ሰው አያኖርም፣ አውቃለሁ። ቤት ኪራዩን ይይዛል ግን። አንዲት ልጅ ትምህርት የምታቋርጠው ብዙ ጊዜ በሚሊዮን ብር አይደለም፤ በሁለት ወር ቤት ኪራይ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ የዲኑ ቢሮ ጸሐፊ ናት፣ ሌላዋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ሁለቱም በአንድ ወር ወለዱ። ጸሐፊዋ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣታል። ባሏም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ 10 ቀን አለው። ያው አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚያቆዩበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዛል። የግሉም ሠራተኛ በአዋጅ 1156/2011 120 ቀን አለው። ጥሩ ሕግ ነው፣ የተገኘውም በስንት ጭቅጭቅ ነው፣ ማንም እንዲነካው አልፈልግም።

ተማሪዋስ? ተማሪዋ ዊዝድሮው ትሞላለች። በቃ። ከታመመ፣ ቤተሰብ ከሞተበት፣ ፈተና ከፈራ ተማሪ ጋር በአንድ ወረቀት። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ ምን እንደምትጽፍ እንኳ ትቸገራለች፤ «የግል ጉዳይ» ብለው የጻፉ አይቻለሁ።

ዊዝድሮው ደግሞ አራት ወር አይደለም። ኮርሱ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው ሴሚስተር መሐል ላይ የወጣች ልጅ የምትመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። ለጸሐፊዋ 120 ቀን የሆነው ለተማሪዋ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ ዶርም የለም፣ ምግብ የለም፣ የግቢው ክሊኒክ የለም። ወላጆቿ ጋ ትመለሳለች፤ ከተቀበሏት። ስትመለስ ሪአድሚሽን መጠየቅ አለባት፤ ካሪኩለም ተቀይሮ፣ ባች ተቀላቅሎ፣ የወሰደችው ኮርስ በሌላ ኮድ ሆኖ ይጠብቃታል። ከዚያ «ሴቶች ለምን ያቋርጣሉ» ብለን ወርክሾፕ እንዘጋጃለን። የሻይ እረፍቱም ጥሩ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ግድግዳውን እዩ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይላል። መንግሥት ነው የለጠፈው። ግቢውም የመንግሥት ነው። አንዱ አጥቢ ይላታል፣ ሌላው ልጅሽን ይዘሽ እንዳትገቢ ይላታል። በሴፍቲኔት እንኳ፣ በገጠር፣ ነፍሰ ጡርና አራስ የሆነችው ሴት ድንጋይ ከመሸከም ወጥታ በቀጥታ ድጋፍ ትታቀፋለች። መንግሥት ይህን ያውቃል ማለት ነው። እርከን ለሚሠሩት እናቶች አስቦበታል። ላይብረሪ ለሚቀመጡት ነው ያላሰበው።

የልጁ አባትስ? ይህን ጥያቄ ሰዎች የሚያነሱት እርሷን ለማሳፈር ነው፤ እኔ ከልቤ ነው የምጠይቀው። አባትየው ተማሪ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜም ያው ግቢ ተማሪ ነው፣ ምንም አይሆንም። አልጋው አለ። ትሪው አለ። ሴሚስተሩን በሰዓቱ ይጨርሳል፣ ጂሲ ሆኖ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሣል። በቤተሰብ ሕጉ አባት ልጁን የመደገፍ ግዴታ አለበት፤ ፍርድ ቤት ስትሄድ ግን ገቢ የለውም፣ ተማሪ ነው። እሺ፣ ገቢ የለውም። ግን ነገ ይኖረዋል፤ መንግሥት ራሱ ነገ ከደመወዙ 10 በመቶ እቆርጣለሁ ብሎ ተዋውሎታል። ታዲያ አባትነቱን ላመነ ወይም ፍርድ ቤት ላረጋገጠበት ተማሪ የልጁ ቀለብ እዚያው ውል ላይ ቢጨመር ምን ይለዋል? ዛሬ ለእናቲቱ ይከፈላት፣ እርሱ ተመርቆ ይክፈል። መዝገቡ አለ፣ የሚቆርጠው መሥሪያ ቤት አለ፣ ውሉ አለ። ይቺን ሐሳብ ለአንድ የሕግ ሰው ነግሬው ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ግን «ማን ከለከለ» አለኝ።

«ይህ ማበረታታት ነው» የምትሉ አውቃችኋለሁ፤ ኮሜንት ላይ ከመምጣታችሁ በፊት ልመልስላችሁ። ለአራስ ሽሮ መስጠት ሌላ ሴት እንድታረግዝ ያበረታታል የሚል ሰው አራስ ቤት ገብቶ አያውቅም። በ3000 ብር ልጅ የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ይህች ሀገር ውስጥ መካን ባልኖረ ነበር። ደግሞ እነዚህ ልጆች እናንተ በሐሳባችሁ የሣላችኋቸው ብቻ አይደሉም። በ15 ዓመቷ የተዳረች፣ ከባሏ ሸሽታ ትምህርቷን የቀጠለች አለች። የተደፈረች አለች። ከጥቅምት 2013 በኋላ በነበረው ጦርነት ትምህርቱ የተቋረጠበት ትውልድ አለ፤ ወደ ክፍል ሲመለስ አንዳንዷ ልጅ ይዛ፣ አንዳንዷ ባል ቀብራ ነው የተመለሰችው። ዶርም ውስጥ አፍቅራ የወለደችም አለች፣ አልደብቅም። ከሁሉም የሚወለደው ልጅ ግን ያው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት አለው ይላል። የልጁን ወተት የምንሰፍረው በእናቱ ታሪክ ከሆነ ያንን አንቀጽ ለምን ጻፍነው?

«ሌሎቹ ተማሪዎች እንዴት ያጥኑ፣ ሕፃን ያለቅሳል» የሚለው ግን ትክክለኛ ነጥብ ነው። ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ሕፃን ይግባ አላልኩም፤ ለሕፃኑም ጥሩ አይደለም፣ ጉንፋኑ ብቻ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ገንዘቡን በእጇ ስጧት፣ ውጭ ትከራይ የምለው። ወይም ከሠራተኛ መኖሪያው አጠገብ አንድ ብሎክ፣ አንድ ኮሪደር፣ ምድጃና ውሃ ያለው። ስንት ግቢ ውስጥ ተጀምሮ የቆመ፣ ጣሪያ ያለው፣ በር የሌለው ሕንፃ እንዳለ እኔና እናንተ እናውቃለን።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ «እዚህ እኮ» ብላችሁ ልትጽፉ ነው፤ ጻፉ። እንግሊዝ ያለችው የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት ልጅ ብቻዋን እያሳደገች ዲግሪዋን ስትማር መንግሥት የመዋያውን ክፍያ እስከ 85 በመቶ ሸፈነላት፤ ከዚያ ሌላ ለወላጅ ተማሪዎች የሚሰጥ አበል አለ፤ ሁለቱም አይመለሱም። የትምህርት ክፍያው ነው ብድር የሚሆነው። ያንን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ። እርሷ እዚህ እያለች የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነው ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠችው። ያው ልጅ፣ ያው ጭንቅላት። እኔ ግን 85 በመቶ አምጡ አላልኩም። እንግሊዞቹ የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ እኔ የምጠይቀው ለሚመለሰው ነው።

ነገሩ አሁን ለምን ያስቸኩላል? ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ እየሆኑ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የመጀመሪያው ሆነ፣ ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ራስ ገዝ ማለት የራስን ገቢ ማግኘት፣ የራስን ሕግ መጻፍ ማለት ነው። ሌጅስሌሽኖች እየተከለሱ ነው። ዛሬ ያልተጻፈ መብት ነገ ሁሉም ነገር በዋጋ ሲተመን አይጻፍም። በራስ ገዝነት እኔ ብዙ ጥሩ ነገር አያለሁ፤ አንድ የምፈራው ነገር ግን የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ የማይከፍለው ተማሪ የሚቆምበት ቦታ መጥበቡን ነው። የመጀመሪያዋ የምትገፋው ደግሞ ልጅ የያዘችው ናት።

የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በክሬዲት ሰዓት ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ወጪ መጋራቱ አይመለከታቸውም፣ ብዙዎቹ ሠርተው የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። አባቶችም አሉ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ማታ ክፍል ልጁን ይዞ ይመጣ የነበረ አንድ መምህር አስተምሬያለሁ፣ ልጁ መጨረሻ ወንበር ላይ ይተኛል። ለእነዚህ ቢያንስ ክፍያውን በወር ከፍሎ መጨረስን ፍቀዱላቸው። ሌላውን ሌላ ቀን።

ለመደበኛዋ ተማሪ የምጠይቀው ይህን ያህል ነው። ውሏ ላይ ያለው ገንዘብ ስትወልድ በእጇ ይሰጣት። ለጸሐፊዋ የተሰጠው 120 ቀን ለእርሷም ይሰጣትና ዊዝድሮው መባሉ ይቅር፤ ያመለጣትን ፈተና እንደታመመ ተማሪ በሜካፕ ትፈተን፣ ክረምት ላይ ያመለጣትን ኮርስ ትውሰድ። ለሠራተኛ የተከፈተው ማቆያ ለተማሪም ይከፈት። ለማቆያው አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፣ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ መቀየር ነው። «ለሠራተኞች ልጆች ብቻ» ከሚለው ላይ ሁለት ቃል ማጥፋት።

ሬጂስትራር ቢሮ የምትሠሩ፣ ሴኔት ላይ የምትቀመጡ፣ የተማሪ አገልግሎት ዲን የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ቁጥራችሁ ቀላል አይደለም፤ በኢንቦክስ «ጋሼ ልክ ነህ» ማለቱን ተዉትና አንድ ነገር አድርጉልኝ። የግቢያችሁን ሌጅስሌሽን ክፈቱ፤ ስለ ወለደች ተማሪ የሚል አንቀጽ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉ። ከሌለ «የለም» ብላችሁ የግቢውን ስም ጻፉ። ማቆያ ያላችሁ ደግሞ ተማሪ ይቀበላል አይቀበልም፣ በወር ስንት ያስከፍላል፣ ስንት ሰዓት ይዘጋል የሚለውን ጨምሩበት። የተማሪ ስም ያለበት ወረቀት እንዳትለጥፉ። እስከ እሑድ እሰበስባለሁ፤ ሰኞ ዝርዝሩን ይዤ ትምህርት ሚኒስቴር የምትሠራውን ልጄን አስቸግራለሁ፣ እርሷም ይህን እያነበበች ነው።